ጋሽ ፍሬን ወንዝ ወረዱ

ጋሽ ፍሬንን በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ከአፋቸው በብዛት የወጣው ቃል «ፍሬን» ስለሆነ፣ ተማሪዎቻቸው እሱኑ ስም አድርገው ለጠፉባቸው። ስሙ ከማሰልጠኛው ግቢ ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈር ደግሞ ቤት ገባ፤ በመጨረሻ ባለቤታቸውም «ፍሬን፣ ምሳ ቀርቧል» ይሉ ጀመር። እሳቸው ቅር አላላቸውም። የማሰልጠኛ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለው፤ ቀኝ እግራቸው በዚያ ፔዳል ላይ ከመክረሙ የተነሳ ሌላ ቦታ ሲያስቀምጡትም አያርፍም። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ሆነው ወለሉን ይረግጣሉ። ቴሌቪዥን ላይ መኪና መኪናን ሲያሳድድ ካዩ ምንጣፉን ይረግጣሉ። ከሳቸው ወንበር ፊት ያለው ምንጣፍ ለምን ቶሎ እንደሳሳ ለእንግዳ ማስረዳት የሰለቻቸው ባለቤታቸው፣ በስተመጨረሻ ጠረጴዛ ጎትተው አስቀመጡበት።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በስተርጅና ካያክ ላይ የወጡት።

ነገሩ የመጣው በአማቻቸው በኩል ነው። መነጽር ቤት የምትሠራው ልጃቸው ረጋ ያለች፣ ነገር አይታ የምትራመድ ናት፤ ያገባችው ግን ወንዝ ላይ የሚውል ሰው ነው። ካያክ የሚሏት፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ እስከ ወገቡ የሚገባባት ጠባብ ጀልባ ናት። አማቻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ደርድሯል፤ ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ነጭ አረፋ በሚያወጣበት ሁሉ ሰዎችን እየመራ ያወርዳል። በሥራው ጎበዝ ነው ይሉታል። መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። ወንዝ ወርዶ ከታች ሲደርስ ጀልባዎቹን ወደ ላይ የሚመልስለት ባለመኪና መለመን አንገፍግፎታል።

ልጃቸው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነገሩን ጨረሰችው።

«አባዬ፣ አንተ መኪና አስተምረው። እሱ ደግሞ አንተን ወንዝ ያውርድህ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ባንክ ቤት ሰው ‹እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋሉ› ስትባባሉ ሰለቸኝ።»

«እኔ ወንዝ ምን ልሠራ?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

«ምን ታውቃለህ፣ ትወደው ይሆናል።»

«ይሂድ እንጂ፤» አሉ ባለቤታቸው ሰላጣውን እያቀረቡ። «ውሃ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲፈልግ ሳላይ እንዳልቀር።»

አማቻቸው ፈገግ ብሎ አቀረቀረ። በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የመኪናው ትምህርት ቀድሞ ተጀመረ። ያ በነጭ ውሃ መሃል እየዘፈነ ይወርዳል የተባለው ሰው፣ አደባባይ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ጋሽ ፍሬን ከጎኑ ተቀምጠው እንደ ወጉ ያስተምሩታል። ስፖኪዮ እይ፤ ርቀት ጠብቅ፤ ከፊትህ ያለው መኪና ጎማ መሬት ሲነካ እስኪታይህ ድረስ ራቅ። በተለይ ኩርባ ላይ ቀልድ አያውቁም።

«ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ ይታይሃል?»

«አይታየኝም ጋሼ።»

«ካልታየህ ነዳጅ ለምን ትሰጣለህ? ከማዶ ላም ተኝታ ቢሆንስ?»

«ይቅርታ ጋሼ።»

ይቅርታ መጠየቅ ላይ የሚወዳደረው የለም። አንድ ቀን ጋሽ ፍሬን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ «ወደ ግራ ታጠፍ» አሉት። ወደ ግራ መግባት ክልክል ነው፤ ቀይ ምልክቱ የድስት ክዳን አክሎ ተሰቅሏል። ልጁ ምልክቱን አየ፣ አማቱን አየ፣ ታጠፈ። ከፊት የመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅባቸው ጋሽ ፍሬን ነበሩ ፍሬኑን የያዙት።

«ምልክቱን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ካሉ ምክንያት ይኖርዎታል ብዬ ነው።»

ይህን ቤት ገብተው እንደ ቀልድ አወሩት። «ጨዋ ልጅ ነው እኮ» አሉ። ባለቤታቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ልጃቸው ግን ባሏን አየት አደረገችው።

ቀጥሎ የወንዙ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ የወረዱት ከመጋዘኑ ፊት ባለው የረጋ ውሃ ላይ ነው። ሄልሜቱ ጠበባቸው፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ሆዳቸው ላይ አልዘጋ ብሎ ማሰሪያው ላላ። ይህን ሁሉ ቻሉት። ያልቻሉት ቀሚሱን ነው። ካያክ ላይ የሚወጣ ሰው ወገቡ ላይ የጎማ ቀሚስ ይታጠቃል፤ ጀልባዋ ውስጥ ሲገባ የቀሚሱን ዘርፍ በመግቢያው ጠርዝ ላይ ወጥሮ ይገጥመዋል፤ ውሃ እንዳይገባ። ጋሽ ፍሬን ቀሚሱን ታጥቀው ከመጋዘኑ ሲወጡ ባለቤታቸው ስልካቸውን አውጥተው ጠበቋቸው። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ድረስ ያላየው ዘመድ የለም።

በትምህርቱ ግን አልሰነፉም። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከፊት ያለችውን የቀሚሱን ማሰሪያ ስቦ፣ ተላቅቆ መውጣትን ተማሩ። ደጋግመው ተገለበጡ፤ ደጋግመው ወጡ። በአፍንጫቸው የገባው ውሃ ማታ ሶፋ ላይ ሆነው ይወርድ ነበር። አማቻቸውም ውሃ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው፤ ድምፁ ይወጣል፣ ወገቡ ይቃናል። ብቻ አማቱን ሲያርም ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት «ይቅርታ ጋሼ» ትቀድማለች።

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ሳለ የሻይ ማጥለያውን አንስቶ አሳያቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ድንጋይ አልፈራም» አለ። «ድንጋይ ውሃውን ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ውሃ እርስዎንም ይገፋዎትና ዞረው ያልፋሉ። የምፈራው ይህችን ነው።»

«የሻይ ማጥለያ?»

«ወንዙ ላይ የወደቀ ዛፍ። ዛፍ ውሃውን አይመልስም፤ በቅርንጫፎቹ መሃል ያሳልፈዋል። ውሃው ያልፋል፣ ሰው ይቀራል። ልክ እንደ ሻይ ቅጠሉ። ከኋላ የሚመጣው ውሃ ደግሞ አያርፍም፤ እዚያው አጣብቆ ይይዛል። ስለዚህ እኛ ‹ማጥለያ› ነው የምንለው።»

ጋሽ ፍሬን ማጥለያውን ተቀብለው በብርሃን አዩት። ጥቂት ቅጠል ተጣብቆበታል።

«ካየሁት እሸሸዋለኋ» አሉ።

«ካዩት አዎ፣ ከሩቁ ወደ ዳር ይውጡ። የሚያስቸግረው ውሃ ውስጥ የሰመጠው ግንድ ነው፤ አይታይም። ነፋስ ሳይኖር ብቻዋን የምትነቀነቅ ቀንበጥ ካዩ ከሥሯ ግንድ አለ ማለት ነው። እና ጋሼ፣ አንዴ ከቀረቡ በኋላ መሸሽ የለም። ሰውነትዎ ‹ሽሽ› ይልዎታል፤ አይስሙት። ወደ ግንዱ ያዘንብሉና እቅፍ ያድርጉት። ወዲያ ከሸሹ ውሃው የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ይገለብጥዎታል።»

«ከተገለበጥኩስ?»

«ከጀልባዋ ወጥተው ሲንሳፈፉ፣ ለድንጋይ ቢሆን በጀርባ ነው፤ እግር ወደ ፊት። ለዛፍ ግን አይሆንም። እግርዎ ከገባ ከሥር ይወስድዎታል። በደረትዎ ይሁኑና ባለ በሌለ ኃይልዎ ወደ ዛፉ ይዋኙ፤ ሲደርሱ ዘለው ላዩ ላይ ይውጡ።»

«የጭነት መኪና ሲመጣብህ ወደሱ ሩጥ እንደማለት ነው እኮ ይሄ።»

«እንደዚያ ነው ጋሼ» አለ አማቻቸው። «ግን ይሠራል።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ምንም አላጋጠማቸውም፤ ማለት ከአማቻቸው ጥንቃቄ በስተቀር። ልጁ ማዶው የማይታይ ኩርባ በደረሰ ቁጥር ወደ ዳር ይወጣል፤ ጀልባዎቹን ጎትቶ ያቆማል፤ ከዚያ በእግር ሄደው፣ ኩርባውን አይተው፣ ተመልሰው ይገባሉ። ጋሽ ፍሬንን ጉልበታቸው ድሮም ያማቸዋል። በጎማ ቀሚስ ቁጥቋጦ መሃል ሲንገዳገዱ አንድ ዓሣ አጥማጅ አጋጥሟቸው፣ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቷቸው፣ ካለፉ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ መረቡን ረስቶ ቆሟል። በየኩርባው ያዩትም ያው ውሃ ነው። ምንም የለም ብለው ይመለሳሉ፤ ደግሞ ቀጣዩ ኩርባ ይመጣል።

በሦስተኛው ጉዞ ቸኩለው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪያቸው የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለባት፤ ያለሳቸው መሪ መጨበጥ የምትፈራ ናትና «እመጣለሁ» ብለዋታል። በሳምንቱ አጋማሽ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ጎደል ቢልም ቀለሙ ገና የወተት ሻይ መስሏል። አማቻቸው ከወትሮው ይልቅ ያዘግማል። እንደ ታጠፈ ክንድ ስለሆነ «ክርን» የሚሉት ኩርባ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመረ።

«ይህችን ባለፈው አይተናት የለም?» አሉ ጋሽ ፍሬን ከኋላው።

«አይተናታል ጋሼ። ግን ዝናብ ዘንቧል፤ ወንዙ…»

«በየኩርባው እየወረድን በእግር የምናይ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውኑ በእግራችን አንመጣም ነበር? ልጅቷ እየጠበቀችኝ ነው።»

የተናገሩት በሳቅ ነው፤ ግን ሳቁ ውስጥ ምን እንዳለ ሁለቱም ያውቁታል። አማቻቸው ኩርባውን አየ። አማቱን አየ። ደግሞ ኩርባውን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን «ወርደን ነው የምናየው» ብሎ ቁርጡን ይነግረው ነበር፤ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን ባለሥልጣን እንዲያ ብሎ አስወርዷል። አማት ግን አማት ነው። ይሉኝታ ያዘው።

«እሺ ጋሼ» አለ። «እኔ ልቅደም። መቅዘፊያዬን ወደ ላይ ካነሣሁ ወዲያው ወደ ቀኝ ዳር ይውጡ። ራቅ ብለው ይከተሉኝ።»

«እሺ፣ ሂድ።»

ራቅ ብለው አልተከተሉትም። ዕድሜ ልካቸውን ርቀት ጠብቅ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ አንዲት ጀልባ እንኳ በመሃላቸው በቅጡ ሳታስገባ ጭራው ላይ ተለጠፉ። ችኮላ ነው። ውሃው ደግሞ ያን ቀን ሲይዝ ደስ ይል ነበር፤ ጀልባዋን ከታች አንስቶ፣ ቀለል አድርጎ፣ ጥምዝ አደረጋት። ጋሽ ፍሬን ከልባቸው ሳቁ እንኳ።

ከዚያ የአማቻቸው መቅዘፊያ ወደ ላይ ሲነሣ አዩ።

ከግራው ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወንዙ ላይ ተጋድሟል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም፤ ከላይ ሲታይ ሰው ለጥላ የሚቀመጥበት ይመስላል። ከቀኙ ዳር ጥቂት ክፍተት ብቻ ቀርታለች። አማቻቸው ሁለት ጊዜ ቀዝፎ ክፍተቷን አገኘ። ኩርባ ላይ ግን ውሃ ሁሌም ወደ ውጪ ይገፋል፤ ጋሽ ፍሬንን ገፋቸው ወደ ግራ፣ ወደ ግንዱ። ቀኝ እግራቸው ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ከእግራቸው ሥር ያለው የጀልባዋ እግር ማስደገፊያ ብቻ ነው፤ ወንዙም ቅንጣት ታህል አልቀነሰም።

ወደ ግንዱ አዘንብል የተባለውን አልረሱትም። እያወቁት ነው ወዲያ የሸሹት። ሰውነት ከሰው ምክር አይጠይቅም፤ ጫፉ የተሰበረ ቅርንጫፍ ፊታቸው ላይ ሲመጣ ትከሻቸው ራሱ ወደ ኋላ ሄደ፤ ውሃውም የጠበቀው ያችን ነበር። ገለበጣቸው።

ከሥር ጨለማና ጩኸት ብቻ ነው። እጃቸው ማሰሪያዋን አገኘ፤ ሳቡ፤ ወጡ። ጭንቅላታቸው ብቅ ሲል ጀልባቸው ቀድማቸው ሄዳ ከግንዱ ሥር ስትገባና የሆነ ነገር «ቋ» ብሎ ሲሰበር ሰሙ። ወዲያው በጀርባቸው ሆነው እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ከተማሩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ትዝ ያላቸው ይህ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ትምህርት። ሁለት ጫማቸው ቀጥ ብሎ ወደ ዛፉ እየሄደ ነው።

«ተገልበጥ!»

ድምፁ የማን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባቸውም።

«በደረትህ! ዋኝ! ወደ ዛፉ ዋኝ!»

እንዲህ አድርጎ ያዘዛቸው ሰው ከአባታቸው ወዲህ የለም። ተገለበጡ። ምን አሰቡ ብትሉ ምንም አላሰቡም፤ ድምፁ እጅ ሆኖ አንገታቸውን የጠመዘዘው ያህል ነው። እየተንቦጫረቁ ዋኙ፤ መዋኘታቸው የሚያምር አልነበረም። ዛፉ ሲደርስባቸው ሳይሆን እሳቸው ሲደርሱበት ግንዱ ደረታቸውን ደለቀው።

«ውጣ! ውጣበት!»

ዘለሉ። ክርናቸው ግንዱን አለፈ፤ ሆዳቸው ግንዱ ላይ ዋለ። ውሃው ግን እግራቸውን ከሥር ይዞ ይጎትታል፤ ጫማቸው በማዶ በኩል ቅጠል ሲነካ ተሰማቸው። እንደገና ተንፈራገጡ። ወገባቸው አልመጣም። ውሃው መስሏቸው ነበር፤ ዞር ብለው ሲያዩ የጎማ ቀሚሱ ውሃ ውስጥ ካለች ጉቶ ላይ ተጠልፏል።

አማቻቸው ከግንዱ በታች ወንዙን አቋርጦ፣ በግራው ዳር ጀልባውን ጥሎ፣ ገመድ ይዞ እየሮጠ ነው።

«ቀሚሱ ነው የያዘህ! ወደ ታች ግፈፈው፣ አውልቀው!»

በአንድ እጃቸው ግንዱን አቅፈው በሌላው ቀሚሱን ከወገባቸው ገፈፉ። እርጥብ ጎማ እንዲህ በቀላሉ አይወልቅም፤ ደግነቱ ውሃው ራሱ ከታች ጎተተላቸው። ቀሚሱ ከጭናቸው፣ ከጉልበታቸው፣ በመጨረሻም ከቀኝ ጫማቸው ጋር አብሮ ሄደ። የቀለለው ሰውነታቸው ወደ ፊት ሲወድቅ ቅርፊቱ አገጫቸውን ላጠው። ከዚያ በአራት እግራቸው ግንዱን ይዘው፣ አንድ ጫማ በእግራቸው አንድ በወንዝ፣ ወደ ሥሩ፣ ወደ ዳር ዳኹ። አማቻቸው ጃኬታቸውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ወደ ሣሩ ሳባቸው።

ሁለቱም ተቀመጡ።

«ጋሼ፣» አለ ልጁ፤ ፊቱ ዓመድ መስሏል። «ተጎድተዋል? የት ጋ ያምዎታል?»

ጋሽ ፍሬን ውሃ ተፉ። አገጫቸውን ዳሰሱ። ቆይተው፣

«ተገልበጥ አልከኝ» አሉ።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ዋኝ አልከኝ። ውጣ አልከኝ። አውልቀው አልከኝ።»

«አፌ አምልጦኝ ነው። በዚያ ሰዓት…»

«እንግዲህ ‹እባክዎ ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ ይገልበጡ› እስክትል ብጠብቅ፣ ይሄኔ ከሥር ሆኜ ነበር የምሰማህ።»

አማቻቸው ሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸበት። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ጋሽ ፍሬን በዕድሜያቸው ብዙ ተማሪ ከጎናቸው አልቅሷል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ ወደ ፊት እያዩ መጠበቅ ነው።

«ማየት ነበረብን» አለ ልጁ። «አውቅ ነበር እኮ። ከዝናብ በኋላ ክርንን ሳላይ ወርጄ አላውቅም። እርስዎን ላለማስቀየም ብዬ…»

ያ የተከለከለ መንገድ ትዝ አላቸው። የድስት ክዳን የሚያህለውን ምልክት እያየ የታጠፈው ይኸው ልጅ ነው። ያን ቀን ቤት ገብተው ጨዋ ነው ብለው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

«ስማኝ» አሉት። «ተማሪዬ ቢቸኩል ምን የማደርግ ይመስልሃል? ፍሬን እይዛለሁ። ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። መኪናው ውስጥ አስተማሪው እኔ ነኛ። እዚህ ደግሞ አንተ ነህ። ዛሬ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ከዛሬ በኋላ ግን እኔ አማትህ የምሆነው ከመጋዘኑ በር ወዲያ ነው። እዚህ ወንዝ ላይ አንተ በለኝ፤ ቢያስፈልግህም ስደበኝ።»

«መሳደብ እንኳ አልችልም ጋሼ።»

«አለማምድሃለሁ።»

አማቻቸው መጀመሪያ ያደረገው ከኩርባው በላይ ተመልሶ፣ ከዕቃ መያዣው ቀይ ጨርቅ አውጥቶ፣ ማንም ሊያየው በሚችል ቅርንጫፍ ላይ ማሰር ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይወርድበት። ከዚያ በስልክ ከላይ ላሉት ጀልበኞች ነገረ። ጋሽ ፍሬን በአንድ ጫማ እያነከሱ እስከ መንገዱ አብረው ወጡ። ፈተናው አመለጣቸው። ተማሪያቸው ያለሳቸው ተፈትና አለፈች፤ ያለፈችው እሳቸው ስላልነበሩ ነው እያሉ ባለቤታቸው ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

ቤት ሲገቡ ግን ሳቅ አልነበረም። ልጃቸው የተላጠውን አገጭ አየች፤ አንድ እግር ጫማ አየች፤ ባሏን አየች። እሱ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኩርባውን ሳላይ…» ብሎ ሲጀምር ጋሽ ፍሬን አቋረጡት።

«እኔ ነኝ ያስቸኮልኩት። እንውረድ እንይ አለ፤ አፌዝኩበት። ራቅ በል አለኝ፤ ጭራው ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ ደግሞ ያወጣኝ እሱ ነው።»

ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች። ባለቤታቸው በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙላቸው፤ «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አንተ ሰውዬ» እያሉ። ከወጥ ቤት ስትመለስ ልጃቸው ለባሏ የተናገረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት።

«ሰው ላለማስቀየም ብለህ አባቴን ልትገድልልኝ ነበር።»

እሱ አቀረቀረ። እሷም ያን ሳምንት ሙሉ ባሏን አንቱ አለችው። «ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ።» «ቁልፉን የት አስቀመጡት?» በዚያ ቤት እንደዚያ ሳምንት ጨዋነት የበዛበት ጊዜ አልነበረም፤ አማቻቸውም እንደዚያ ሳምንት የከሳበት ጊዜ የለም። ጋሽ ፍሬን ሊያስታርቁ ገብተው እሳቸውም አንቱ ተብለው ወጡ።

ወንዙ ጎደል ሲል ጀልባዋን ሊያወጡ ሄዱ። አንድ የአማቻቸው ጓደኛ በሞተር መጋዝ ከዳር ጀምሮ ቅርንጫፎቹን ቆረጠ። ጀልባዋ ከግንዱ ሥር በወገቧ ታጥፋ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራለች። ገመድ አስገብተው ከማሰልጠኛው መኪና መጎተቻ ጋር አሰሩት፤ ጣሪያው ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ ያለበት መኪና ነው። አማቻቸው መሪውን ያዘ፤ ጋሽ ፍሬን ከጎኑ ገቡ። ልጃቸው ከዳር ሆና እጇን አጣምራ ታያለች።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ» አሉ ጋሽ ፍሬን። «አሁን ነዳጅ።»

መኪናው ተንፈራገጠ፤ ገመዱ ተወጠረ። ጋሽ ፍሬን «ጨምር» አሉ።

«አይሆንም» አለ አማቻቸው።

ጋሽ ፍሬን ዞረው አዩት።

«ገመዱ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ከጨመርኩ ይበጠሳል። ወርደህ አቅጣጫውን አስተካክልልኝ ጋሼ።»

ወርደው አስተካከሉ። ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ተንቋቋ። መኪናው እንደገና ሲስብ ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞረች፤ ውሃው ለቀቃትና እንደ አሮጌ ጫማ ተጣማ ዳር ላይ ወጣች። ልጃቸው ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አንዱን ጥግ አንስታ፣ «ይህችን ማን ይሰፋታል?» አለች። ከዚያ ለባሏ ብርቱካን ልጣ ሰጠችው፤ «እንካ፣ ብላ» አለችው። አንቱው በዚያው ቀረ።

ጋሽ ፍሬን ተመልሰው እስኪወርዱ ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ደረታቸው እስኪያገግም ነው ይላሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ልብ እስኪያገኝ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለት ሌሊት ያህል በሕልማቸው እግራቸው ቅጠል እየነካ ከእንቅልፍ ባንነዋል፤ ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሲሄዱ አዲስ ቀሚስ ተገዝቶላቸው ነበር፤ በአንድ ስበት የሚላቀቅ። ውሃው ጠርቷል፤ ድንጋዩ ከሥር ይታያል።

ክርን ጋ ሲደርሱ አማቻቸው ወደ ዳር ቀዘፈ። ጋሽ ፍሬንም ተከተሉት። ጀልባዎቹን ጎትተው፣ እሾኹን በእጃቸው እየከፈሉ፣ ዳገቷን ወጥተው አዩ። ግንዱ ተቆርጦ ተነስቷል፤ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ለብቻው ይሄዳል። አማቻቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ለረጅም ጊዜ አየ፤ ወዲያ ማዶ ያለችውን አንዲት ቀንበጥ እንኳ ነፋሱ እንደሆነ እስኪያረጋግጥ ጠበቀ። ጋሽ ፍሬን ሰዓታቸውን ሊያዩ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት።

«ምንም የለም» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ግን እኔ ልቅደም፤ ፊሽካዬን ስትሰማ ተከተለኝ።»

«እሺ።»

ተመልሰው ጀልባቸው ውስጥ ገቡ። አማቻቸው ቀድሞ ወረደ፤ ኩርባውን ዞሮ ተሰወረ። ጋሽ ፍሬን በዳር አንዲት ድንጋይ ይዘው ቆዩ። ውሃው ጀልባዋን ነካ ነካ እያደረገ ና ይላቸዋል፤ እሳቸው አልሄዱም። ከማዶ የአማቻቸው ፊሽካ አንዴ ረዘም ብሎ ተሰማ። ድንጋዩን ለቀው መቅዘፊያቸውን ነከሩ።